ያጨበጨብንበት እሑድ

ይህን የምጽፈው ለልጆቻችን አይደለም። ለእነሱ ብዙ ተጽፏል፤ ምክሩም ተግሣጹም ሳይበዛባቸው አልቀረም። የምጽፈው ለእናንተ ለእኩዮቼ ነው፤ ሰባን ለተሻገራችሁ፣ ምርኩዝ ለያዛችሁ፣ ወጣት ሲያያችሁ ከመቀመጫው ለሚነሣላችሁ።

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ወሬው እንደ ልማዱ ከሟች ወደ ኑሮ፣ ከኑሮ ወደ አገር ጉዳይ ዞረ። ከመካከላችን አንዱ፣ ልጆቹን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ፣ ጾም የማይሽር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው፤ በየቀኑ ስሙ ስለሚነሣ አንድ ሰው ሲናገር «ለዚህማ ደግሞ ምን ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል!» አለ። ስምንት ሽማግሌዎች ነበርን። አንዳችንም «ተው እንጂ» አላልንም። ሁለቱ እንዲያውም «እውነት ነው» ብለው አከሉበት። ንፍሮ የሚያድል አንድ ልጅ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ሣህኑን እንደያዘ ሰማን፤ ሰምቶም ሄደ።

ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። እንቅልፍ የነሣኝም የራሴ ዝምታ ነው። ያን ቃል ከድሮ ጀምሬ አውቀዋለሁና፤ ከሰው ሰምቼው ብቻ ሳይሆን በገዛ አፌ ተናግሬው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነው። የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርሁ። አባቴ ዐይናቸውን ሊታከሙ ከመርሐ ቤቴ መጥተው፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ለሦስት በተከራየናት ክፍል አልጋዬን ለቅቄላቸው ነበር። ራዲዮኑ ስም ማንበብ ጀመረ። ስም ተከትሎ ስም፤ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ሌተና ጄኔራል፣ ሚኒስትር። የተወሰደው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» መሆኑ ተነገረን። ጓደኞቼ ከፍራሻቸው ተነሥተው ተቃቀፉ። አንዱ የቆርቆሮውን በር በጡጫ ደለቀው። እኔ አጨበጨብሁ።

አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በፋሻ የታሰረ ዐይናቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ያዳምጡ ነበር። ጭብጨባው በረድ ሲል «ማን ፈረደባቸው?» አሉ።

«ሕዝብ ነዋ፣ አባዬ።»

«ሕዝቡ የት ተቀምጦ ሰማቸው?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ዕድሜ መልስ ማጣት አያሳፍርም፤ ያናድዳል። በእነዚህ ሰዎች ዘመን የወሎ ሰው በረኀብ እንደ ቅጠል መርገፉን፣ እርስዎም ራስዎ በየደጁ መንገላታትዎን ረሱት ወይ አልኋቸው። እውነትም ተንገላትተዋል። አባቴ ስለ ቁራሽ ርስት ዐሥራ አንድ ዓመት ተሟግተዋል። ከወረዳ ጀምረው ይግባኝ እያሉ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቀዋል፤ ለራት ለስንቅና ለነገረ ፈጅ ሲሉ በቅሏቸውን ሸጠዋል፤ በመጨረሻም ተረትተው በእግራቸው ገብተዋል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን ተረት እኔ ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት፤ እሳቸው ግን በቅሎዋን ራሷን ያውቋታል።

«እኔ ስረታ ቆሜ ተናግሬአለሁ» አሉኝ። «ዳኛው ፊቴን እያየ ነው የፈረደብኝ።» ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን አላነሡብኝም። ባነሡብኝ በተሻለ ነበር።

የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ግን ዕድሜ ዝርዝሩን ይበላልና አንድ ጊዜ ላንሣው። ኅዳር 14 ቀን ቅዳሜ ማታ የ60 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ራስ አሥራተ ካሣ፣ ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ ከሟቾቹ ነበሩ። አብዛኞቹ የተረሸኑት ዓለም በቃኝ በምንለው ወህኒ ቤት ነው። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አምዶም በገዛ ቤታቸው ሲዋጉ ሞቱ። ከራሱ ከደርጉ ውስጥ፣ ከተራው ወታደርም የተጨመሩ ነበሩ። በኋላ ዐፅማቸው ተለቅሞ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርፏል፤ ወህኒ ቤቱም ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ተቀምጧል።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። ደርጉ ንጉሡን ባወረደ ዕለት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1፣ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፤ ሰልፍና አድማ ከለከለ፤ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት እንደሚያቋቁምና በፍርዱ ላይም ይግባኝ እንደማይባል ተናገረ። በዚያው በኅዳር ወር ደግሞ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣ። ሕጉን የጻፈው እሱ ነው። ዳኞቹን የሚሾመው እሱ ነው። ይግባኝ የለም። ከዚህ ወዲያ ለከሳሽ የተመቸ ምን ይምጣ? እንዲያም ሆኖ ሰዎቹን እዚያ ፍርድ ቤት እንኳ ሳያቀርባቸው ገደላቸው።

ለምን? ለ50 ዓመት ይህን ጥያቄ ሳመላልሰው ኖሬአለሁ። የደረስሁበትን ልንገራችሁ። ደካማም ይሁን ያጋደለ፣ ችሎት ችሎት ነው፤ ተከሳሽ አፍ አለው። አፍ ያለው ሰው ደግሞ ያልተፈለገ ስም ሊጠራ ይችላል።

በ1966 የተቋቋመውን መርማሪ ኮሚሽን አስታውሱ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመሩትን። ሥራው የእነዚህኑ ባለሥልጣኖች ጥፋት ማጣራት ነበር። የወሎን ረኀብ ማን አወቀ፣ ማን ደበቀ፣ እህሉ የት ሄደ፣ ገንዘቡ የት ገባ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ላይ ሆነው ለኮሚሽኑ የጻፉት ማስታወሻ ኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ምርመራው በመካሄድ ላይ ሳለ ነው ተመርማሪዎቹ የተረሸኑት። እንግዲህ ያን ቅዳሜ የተዘረፈው የ60 ሰዎች ነፍስ ብቻ አይደለም። የወሎ ገበሬም ዳኝነቱን ተዘርፏል። ልጆቹን የቀበረ ሰው፣ የቀበራቸው በማን ጥፋት እንደሆነ በአደባባይ፣ በማስረጃ፣ በፍርድ የማወቅ መብት ነበረው። «ተበቀልንልህ» ብለን እውነቱን ከነምስክሮቹ ቀበርንበት። እኔ ያን እሑድ ለወሎ ያጨበጨብሁ መስሎኝ ነበር።

የቀድሞውን ዘመን ላነጻው አይደለም። አሁን አሁን ከእኛ መካከል በናፍቆት የሚያለቅስ በዝቷል፤ እሱም የራሱ ዕውርነት አለው። አንደበታችን ከበቅሎዋ ተረት ጎን ሌላ ተረት ይዞ ኖሯል፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል። ለራሳችን ዳኝነት እየጠየቅን ገዢውን ከዳኝነት በላይ ስናስቀምጥ፣ ሁለቱ ተረቶች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ልብ አላልንም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን አርአያ ይዘው ያረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ተደርጎ ታወጀ። የ1948ቱ ከዚያ ርቆ ሄደ፤ ማንም ሰው ያለ ሕግ ሥርዐት ሕይወቱን፣ ነፃነቱን፣ ንብረቱን እንዳያጣ ደነገገ። በዚያው መጽሐፍ ግን የንጉሡ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም ክርክር የማይነሣበት ሆነ። በዙፋን ችሎት የበላይ ፍርድ ቤት የጨረሰው ነገር በንጉሡ ቃል ሊገለበጥ ይችል ነበር። ሕዝቡም ይህን ይወድደው ነበር፤ አባቴም ተረትተው ሲመለሱ «እዚያ ብደርስ ኖሮ» ይሉ ነበር። የመጨረሻውን ቃል ሕጉ ሳይሆን ወንበሩ ይናገር ነበር። ወንበሩን መትረየስ የያዘ ሲቀመጥበት፣ ቃሉንም አብሮ ወረሰው።

የሆነው ሆኖ አንድ ነገር አይካድም። ንጉሡ በ1953 የተነሣባቸውን ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይን እንኳ ችሎት አቅርበው ነው ያሰቀሉት። ፍርዱ ከችሎቱ በፊት ያለቀ ነበር የሚል አለ፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ግን ጄኔራሉ ቆመው ተናገሩ። የተናገሩት እስከ ዛሬ በየቤቱ ይወሳል። የእነ አክሊሉን የመጨረሻ ቃል የሚያውቅ ከእናንተ ማን አለ?

አሁን ትንሽ ወደ ትምህርቱ ልግባ፤ ሽማግሌ የተማረውን ካልተናገረ ይታመማል። በሕግ ፋኩልቲ ያስተምሩን ከነበሩት ብዙዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። አንዱ የእንግሊዛዊውን የሃርትን መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመውን፣ አስተማሩን። የመንግሥት ትእዛዝ ከወንበዴ ትእዛዝ በምን ይለያል ይላል ጥያቄው። ወንበዴ ሽጉጥ ደግኖ «ገንዘብህን አምጣ» ሲለኝ ተገድጄ እሰጣለሁ፤ የመስጠት ግዴታ ግን የለብኝም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ግዴታ የሚመጣው ሰዎች አንድን ሥርዐት ከውስጥ ተቀብለው፣ ራሳቸውንም ሌላውንም በእሱ ሲለኩ ነው። እኔ ይህን በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሬ ጻፍሁ፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁበት።

መርሐ ቤቴ ያለ የአጎቴ ልጅ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ያንኑ ነገር ያለ ፈተና ያውቀው ነበር። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አይታችሁታል። ሁለት ሰዎች ይጣላሉ፤ አንዱ ዱላ ያነሣል። መንገደኛ፣ ምናልባትም ከሌላ አገር የመጣ፣ «በሕግ አምላክ!» ይላል። ዱላው ይወርዳል። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ወይም ያው መንገደኛ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ፖሊስ የለ፣ ወህኒ ቤት የለ። ያን ዱላ ማን አስወረደው? ያስወረደው ሁለቱም ከሁለቱም በላይ የሆነ ነገር እንዳለ ማመናቸው ነው። መንግሥት የሚባለውን ነገር ከሽፍታ የሚለየውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጠመንጃ ሁለቱም አላቸው።

እንግዲህ ያን እሑድ ምን እንዳደረግን እዩ። ጠመንጃው የደርጉ ነበር። ጠመንጃውን «መንግሥት» ያሰኘው ግን የእኛ እጅ ነው። 120 ያህል ወታደሮች ተሰብስበው ሰው መግደላቸው ግድያ ነው፤ ገና ያልተሰየመ፣ ስም የሚፈልግ ግድያ። እኛ፣ የተማርነው፣ ከየክፍላችን «ፍትሕ» ብለን ስም አወጣንለት። ገዳይ በማግስቱ ጠዋት የሰውን ፊት ያያል፤ የሠራውን ሥራ ምንነት የሚያነበው እዚያ ነው። የእኛን ፊት አየ፤ ደስ ብሎናል።

ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1934 እና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት ሂትለር የራሱን ሰዎችና የድሮ ባላንጦቹን ያለ ፍርድ አስገደለ። ሐምሌ 3 ቀን መንግሥቱ አንዲት አንቀጽ ብቻ ያላት ሕግ አወጣ፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት የተወሰደው እርምጃ አገርን ከአደጋ ለመከላከል የተደረገ ስለሆነ ሕጋዊ ነው የምትል። ሰው ከሞተ በኋላ የመጣች ሕግ። ካርል ሽሚት የሚባል ስመ ጥር የሕግ ፕሮፌሰር በወሩ ጽሑፍ ጽፎ፣ እውነተኛው ዳኛ መሪው ራሱ ነው ሲል ባረከው። ጉስታቭ ራድብሩክ ደግሞ ሌላው የአገሩ የሕግ ሊቅ ነው፤ ቀድሞ የፍትሕ ሚኒስትር የነበረ፣ ናዚዎች በመጡበት ዓመት ከማስተማሪያ ወንበሩ የተባረረ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1946 ተመልሶ ብዕሩን ሲያነሣ፣ ሕግ ከፍትሕ ጋር ያለው ጠብ ሊታገሡት ከማይቻል ደረጃ ሲደርስ ያ ሕግ ለፍትሕ ቦታውን መልቀቅ አለበት፤ ሰውን እኩል የማየት ሐሳብ ሆን ተብሎ የተካደበት ጽሑፍ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሕግ አይደለም አለ። ሁለቱም ሊቆች ናቸው። አንዱ በሰዓቱ አጨበጨበ፤ ሌላው በሰዓቱ ወንበሩን አጣ። እኔ ያን እሑድ ከሽሚት ወገን ነበርሁ፤ ስሙን እንኳ ሳላውቅ።

በሩን በጡጫ የደለቀውን ጓደኛዬን ላንሣ። ስሙን አልጠራም፤ ዘመዶቹ አሉ። ከእኔ ይልቅ ደፋር ነበር፤ ደግም ነበር፤ የመጨረሻ ብሩን ለሰው የሚሰጥ ዐይነት። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ አብረን ዘምተን ተመለስን። ከዚያ እሱ ወደ አንዱ ፓርቲ ገባ፤ እኔ ፈሪ ስለሆንሁ ዳር ቆምሁ። በ1970 ከቤቱ ወሰዱት። እናቱ ከእስር ቤት እስር ቤት ስንቅ ይዘው ሲዞሩ ሰንብተው፣ በመጨረሻ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ እግር ዘበኛ «ስንቁን ይመልሱት» አላቸው። «ምን አድርጎ ነው ልጄ? ማን ፈረደበት?» ሲሉት «ማዘር፣ ይሄ ፍርድ አይደለም፤ እርምጃ ነው» አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ እናቱ፤ ሊያጽናናቸው ነበር።

«ነፃ እርምጃ»። ይህን ቃል ስትሰሙ ዛሬም ሰውነታችሁ እንደሚሸማቀቅ አውቃለሁ። ቃሉ ከየት መጣ? ያን እሑድ ነው የመጣው። ራስ አሥራተን ያለ ችሎት መግደል ከተቻለ፣ ራስ ያልሆነውን መግደል ምን ይከብዳል? ለጠቅላይ ሚኒስትር ያልቆመ አጥር ለቀበሌ ልጅ ይቆማል ብሎ ያሰበ ማን ነበር? ደርጉም ራሱን አልማረም። ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969፣ ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970፣ ያለ ችሎት። በቅዳሜዋ ማታ ከወሰኑት መካከል ስንቶቹ በዚያው መንገድ ሄዱ!

አሁን ደግሞ ወደሚያስገርመኝ ነገር ልምጣ። በ1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። በታኅሣሥ 1987 የደርጉ ባለሥልጣኖች ችሎት ቀረቡ፤ የተከሰሱበት አንዱ ነገር ያው የ60ዎቹ ግድያ ነበር። አንድ ሁለት ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ጠበቃ የሌላቸው ጠበቃ ቆመላቸው። ተከራከሩ፤ ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም አሉ፤ ምስክር ጠየቁ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሴት፣ ወንድማቸው የተገደለባቸው ይመስለኛል፣ «እነሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥተውን ነበር ወይ?» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ነገሩ 12 ዓመት ፈጀ። ብዙ እስረኞች ክስ ሳይመሠረትባቸው ለዓመታት መታሰራቸውም እውነት ነው፤ የማላሞግሰው ነውር ነው። ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ተሰጠ፤ የጥፋተኝነቱ መሠረት በ1949 የወጣው የንጉሡ ዘመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። አንቀጽ 281 የሰው ዘር ማጥፋትን ሲተረጉም ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፍቶ የፖለቲካ ቡድንንም ያጠቃልል ነበር። የተረሸኑት ሰዎች ባገለገሉት መንግሥት የወጣ ሕግ ነው፤ ገዳዮቻቸውን የዳኘውም፣ ለገዳዮቻቸው አፍ የሰጠውም እሱ ነው። በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደ፤ በ2003 የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ዋናው ሰው፣ የደርጉ መሪ የነበረው፣ ዚምባብዌ ነው።

በዚሁ ዘመን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር፤ አሜሪካ ያላችሁት ታውቁት ይሆናል። በቀይ ሽብር ዘመን የአንድ ከፍተኛ ሊቀ መንበር የነበረ ሰው አትላንታ ውስጥ ሆቴል ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በእሱ ሥር የተገረፈች ሴት እዚያው ሆቴል ሥራ ይዛ ኖሮ ፊት ለፊት አገኘችው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ምን አደረጉ? የሚመታላቸው ወንድም አልፈለጉም። ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሣ ፈረደላቸው፤ ሰውየውም ከዓመታት በኋላ ከአሜሪካ ተባሮ አገር ቤት የዕድሜ ልክ እስራቱን እንዲፈጽም ተላከ። በግርፋት የተሰቃዩት እነሱ ናቸው፤ ለመበቀል ከእነሱ የበለጠ ምክንያት ያለው ከእኛ ማን ነው? እነዚያ ሴቶች የኛ ዘመን ልጆች ናቸው። እኛ ወንዶቹ በየካፌው ስለ ጀግንነት ስናወራ የእነሱ ነገር ብዙም አይነሣም፤ ይገርመኛል።

የምትመልሱልኝን ዐውቃለሁ፤ ድንኳኑ ውስጥም ሰምቼዋለሁ። አንደኛው «ሕግ ለሰላም ጊዜ ነው» የሚለው ነው። በዚህ ብዙ አልቆይም። ደርጉም ያን ኅዳር አገር አደጋ ላይ ነው ብሎ ነበር፤ ሂትለርም። አደጋ የሌለበት ዘመን አይቼ አላውቅም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜን ሲፈቅድ እንኳ ጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝን መከልከሉን ሊታገዱ ከማይችሉት ውስጥ አኑሮታል። አንቀጽ 28 ደግሞ ያለ ፍርድ የሞት እርምጃ መውሰድ በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም እንደማይታለፍ ይናገራል። ያን አንቀጽ ያጻፈው የእኛ ዘመን ሬሳ ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል፤ «ፍርድ ቤቱ ራሱ የት አለ?» የሚለው። ዳኛው ፈርቷል፣ መዝገቡ ይጠፋል፣ ቀጠሮው አያልቅም፣ ፖሊስ «ፈትተህ ልቀቅ» የተባለውን ይዞ ይቆያል። ይህ ውሸት ነው አልልም። ዐሥራ አንድ ዓመት የተንከራተተ ሰው ልጅ ነኝ። ነገር ግን የጠመመ ፍርድ መዝገብ አለው፤ ቀን አለው፤ የዳኛ ስም አለው፤ ዛሬ ባይሆን በልጅ በልጅ ልጅ ዘመን ተገልጦ ይነበባል። የዓለም በቃኝን ሌሊት መዝገብ አምጡ ብላችሁ ማንን ትጠይቃላችሁ? ፍርድ ቤቱ ከታመመ ጩኸታችን በሕመሙ ላይ ይሁን። ስለ ታመመ ይሙት የምንል ከሆነ ግን፣ ነገ ልጃችን ሲያዝ የምናንኳኳው በር እንደሌለን አውቀን እንበል።

እኛ ሽማግሌዎች ጠመንጃ የለንም፤ ሥልጣንም የለንም። ያለን የምንነቀንቀው ራስና የምንመርቀው አፍ ነው። አትናቁት። ወጣቱ ዛሬ በስልኩ ላይ «እርምጃ ይወሰድ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከልቡ ጥግ አንድ ነገር ይፈራል፤ ትልቅ ሰው ቢሰማኝ ምን ይለኛል ብሎ። ትልቁ ሰው «እውነት ነው» ካለው ፍርሃቱ ያልቃል። እኔን በ1967 የያዘኝ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዐይኑ የታሰረ። ሌሎቹ ትልልቅ ሰዎች፣ መምህራኖቻችን፣ ጋዜጠኞቻችን፣ የሰፈራችን አባወራዎች፣ ወይ ዝም ብለዋል ወይ አጨብጭበዋል።

የሚጠሉትን ሰው በወደዱት ሰው ልክ ዳኝነት ማሰማት ከባድ ነው። እኔም አልቻልሁበትም፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ እየቆረጠምሁ ዝም አልሁ። ስለዚህ የምለምናችሁ እንደ ንጹሕ ሰው አይደለም።

የአርባው ተዝካር በቅርቡ ነው። ስምንታችንም እንገናኛለን፤ ወሬው ይዞራል፤ ያ ቃል መነሣቱም አይቀርም። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ እኔ ብደክም እናንተ፣ ምርኩዙን መሬት ላይ አኑሮ ቀና ይበል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ አባቶቻችን ያቆዩልን ሁለት ቃል ይበቃል። ልጁም ሣህኑን እንደያዘ ይስማን። በሕግ አምላክ።